ማንኪያው ሲዞር

ሻይ አማስዬ ማንኪያውን ሳወጣው፣ ሻዩ ትንሽ ይዞርና ይቆማል። የሚያቆመው ፍትጊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ፒዮትር ካፒትሳ ሞስኮ ላይ፣ ጆን አለንና ዶን ማይዝነር ደግሞ ካምብሪጅ ላይ፣ ለዚህ ሕግ የማይገዛ ፈሳሽ አገኙ። ከ2.17 ኬልቪን በታች የቀዘቀዘ ሂሊየም ያለ ፍትጊያ ይፈሳል። ካፒትሳ «ሱፐርፍሉይድ» አለው።

እንዲህ ያለው ፈሳሽ ቢሽከረከርስ? ላርስ ኦንሳገር በ1949፣ ሪቻርድ ፋይንማን በ1955 የሰጡት መልስ ይገርማል። እንደ ሻይ ሁለመናው አብሮ አይዞርም። ማሽከርከሪያው ዝግ ካለ ጭራሽ ንቅንቅ አይልም። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ቀጫጭን አዙሪቶች ይወለዱበታል፤ ሁሉም እኩል መጠን ያላቸው። ወይ አንድ ነው፣ ወይ ሁለት፤ ግማሽ አዙሪት ብሎ ነገር የለም። እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝና፣ ተፈጥሮ በሙሉ ቁጥር ስትቆጥር ሳይ ደስ ይለኛል።

በ1995 ኤሪክ ኮርኔልና ካርል ዋይማን ኮሎራዶ ውስጥ የሩቢዲየም ጋዝን አቀዝቅዘው፣ አቶሞቹን እንደ አንድ ማዕበል አስማሟቸው። አሁን ጥያቄው ወደ ጋዝ ዞረ። በ2000 ፓሪስ ላይ የዣን ዳሊባር ቡድን የሌዘር ጨረርን እንደ ማንኪያ ተጠቅሞ ጋዙን አማሰለው፤ አዙሪቶቹም ታዩ። በ2001 በኤምአይቲ የቮልፍጋንግ ኬተርሌ ቡድን ከ100 በላይ አዙሪቶች በሥርዓት ተደርድረው አሳየ።

ከባዱ ፈተና የፌርሚዮኖች ነበር። እነዚህ አቶሞች አንድ ቦታ መጋራት አይወዱም፤ ሱፐርፍሉይድ ለመሆን መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ዲቦራ ጂንና ባልደረቦቿ በ2004 መጣመራቸውን አሳዩ። ግን ተጣመሩ ማለት ያለ ፍትጊያ ፈሰሱ ማለት ነው? ብዙ ምልክት ነበር፣ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ግን አልነበረም።

በ2005 ማርቲን ዝቪየርላይንና የኤምአይቲ ባልደረቦቹ የሊቲየም ጋዝን በሌዘር አማሰሉት። ከዚያ ወጥመዱን ከፍተው ጋዙ ሲሰፋ ፎቶ አነሱት። አዙሪቶቹ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል! ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ፎቶውን መጀመሪያ ሳየው ነጠብጣቦቹ የጠፋ ዳታ መስለውኝ፣ ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ድጋሚ አወረድኩት። ለካ ማስረጃው ራሱ አቶም የሳሳበት ያ ቀዳዳ ነው። ጋዙ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ምንነቱን አይናገርም ነበር፤ ያናገረው ማማሰሉ ነው።