ከግድግዳው የወጣው ቀይ እንጨት

ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ተነሥቶ ካዛንቺስ ያለው የአያቴ ቤት ሲፈርስ፣ አንዱ ሠራተኛ ቋሚውን በመጥረቢያ ሞከረው። ከላይ ጭቃና ጥቀርሻ የለበሰ ግራጫ እንጨት ነው። ውስጡ ግን ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ሽታው እርሳስ ሲቀረጽ እንዳለው። «ጥድ ነው እኮ! አሁን ይሄ ከየት ይገኛል?» አለኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ጥድ ማለት የገና ዛፍ ይመስለኝ ነበር።

የገና ዛፍ የምናደርገው የፈረንጅ ጥድ ነው፤ አገሩም ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ። የሐበሻ ጥድ ሌላ ነው። በምሥራቅ አፍሪካና በዓረብ ደጋዎች ላይ ይበቅላል፣ እስከ 40 ሜትር ይረዝማል፣ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ፈረንጆች እርሳስ ስለሚሠሩበት «የእርሳስ ጥድ» ይሉታል። አንድ ችግር ብቻ አለበት፦ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ከተቆረጠ ደግሞ ጉቶው አያቆጠቁጥም።

ከመስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ብታዩ፣ ሕንጻ ካልጋረዳችሁ፣ እንጦጦ አረንጓዴ ነው። አብዛኛው አረንጓዴ ግን ባሕር ዛፍ ነው፤ ከአውስትራሊያ የመጣ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ፣ ወታደሩ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ሁሉም እንጨት ይፈልግ ነበር፤ ለምሰሶም፣ ለአጥርም፣ ለማገዶም። በዙሪያዋ ያለው ደን ብዙ ሳይቆይ ተመናመነ። በቀደመው ልማድ ማገዶ ሲያልቅ ከተማው ይነሣል። ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀምረው ነበር። ግን አልሄዱም። እዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ።

ከተማዋን ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው ይባላል። ብቻውን ነው ማለት ይከብደኛል፤ እዚህ የቆመውን የድንጋይ ሕንጻ ጥሎ መሄድም ቀላል አልነበረም። ቢሆንም በ1880ዎቹ መጨረሻ የገባው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመት ለምሰሶ ይደርሳል፣ ሲቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ጥድ ይህን አይችልም። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ «ለጊዜው» ብዬ የጻፍኩት ኮድ ስንት ዓመት እንደሚኖር አውቃለሁ። ባሕር ዛፍም እንደዚያ ነው የሆነብን። ደመራ ላይም እኔ ሲቆም ያየሁት ረጅም እንጨት ባሕር ዛፍ ነው።

የድሮውን ጥድ ማየት የፈለገ መናገሻ ሱባ ይሂድ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ችግኝ አስመጥተው አስተከሉት የሚል ትውፊት አለ። ትውፊቱ እውነት ከሆነ፣ ችግኙን ያስተከለው ንጉሥ በጥላው ሳይቀመጥ ነው የሞተው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠራቸው ቤቶች የመጣ ነው። የእኛ ግን ጭቃ ቤት ነበር፤ አያቴ ከመግባቷ በፊት የቆመ። ማን ሠራው፣ ጥዱ ከየትኛው ተራራ ወረደ፣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ቋሚዎቹ በአይሱዙ ተጭነው ሄዱ። ሠራተኛውን ለምኜ አንድ ክንድ የምታህል ቁራጭ አስቀረሁ።

ለአያቴ ኮንዶሚኒየም ድረስ ወሰድኩላት። አገላብጣ አሸተተችው።

«እኛ ቤት ምስጥ ያልገባው ለካ በዚህ ነው» አለች፣ ከቡናው ረከቦት አጠገብም አስቀመጠችው።