«እረኛ ምን አለ?»፦ የአሜሪካ የሌሊት ቀልደኞችና የተመልካቹ ፍርድ

በአገራችን የቀድሞው ሹም የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሻ «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ያስጠይቅ እንደነበር ይነገራል። እረኛው መስክ ላይ ሆኖ የሚያንጎራጉረው ስንኝ ከአማካሪዎች ሸንጎ ይልቅ እውነት አለው ተብሎ ይታመን ነበርና። በአሜሪካ ደግሞ ይህን የእረኛ ቦታ ሰባ ዓመት ያህል ይዞ የኖረው፣ ከምሽቱ ዜና በኋላ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ በፕሬዚዳንቶችና በሴናተሮች ላይ የሚቀልደው የቶክ ሾው አቅራቢ ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ «የአሜሪካ ቀልደኛ ለእኛ ምናችን ነው?» ብለህ ገጹን ለመዝጋት አትቸኩል። የሰይፉ ፋንታሁንን የኢቢኤስ ዝግጅት የተመለከተ ሁሉ ያ ጠረጴዛና ያ የእንግዳ ወንበር ከየት እንደመጣ አያጣውም። ይልቁንም እኔን የሚያሳስበኝ ቀልደኞቹ ብቻ አይደሉም፤ ተመልካቹ ነው። «ከእገሌና ከእገሌ ማን ይሻላል?» እያለ የአሜሪካ ሕዝብ ለአሥርተ ዓመታት ሲሟገት ኖሯል። ይህ ሙግት ተራ የቲፎዞ ጭቅጭቅ ቢመስልም፣ በውስጡ ግን ቀልደኛውን የሚሾመውና የሚሽረው ማን ነው የሚል ከባድ ጥያቄ አለበት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን፣ ሰዓቶቹ ደግሞ እንደ እኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በመስከረም 1954 «ቱናይት ሾው»ን በስቲቭ አለን አቅራቢነት ለመላው አገሪቱ ማሰራጨት በጀመረ ጊዜ ነው። በ1957 ጃክ ፓር ተተካ። በየካቲት 1960 የድርጅቱ ሳንሱሮች በመጸዳጃ ቤት ስም ላይ የተመሠረተች አንዲት ንጹሕ ቀልዱን ቆርጠው ስላወጡበት፣ ፓር በማግሥቱ ከተመልካቹ ፊት ቅሬታውን ተናግሮ፣ ዝግጅቱን ጥሎ ወጣ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ ተመለሰ። የቀልድ ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክር በአደባባይ ከተነሣባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ነበር።

በጥቅምት 1962 ወንበሩን የተረከበው ጆኒ ካርሰን እስከ ግንቦት 1992 ድረስ፣ ማለትም ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ነገሠበት። ካርሰን ዴሞክራቱንም ሪፐብሊካኑንም እኩል ይሸነቁጥ ስለነበር ተመልካቹ ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ ለመገመት ይቸገር ነበር። የመጨረሻውን ምሽት 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተመለከተው ተዘግቧል። ያን ዘመን የሚናፍቁ ሰዎች «አገሪቱ በአንድ ቀልድ ትስቅ ነበር» ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ናፍቆት ላይ ጥቂት ጨው መነስነስ እወዳለሁ። አገሪቱ በአንድ ቀልድ የሳቀችው በከፊል ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው። በዘመኑ ቴሌቪዥን ማለት ሦስት ታላላቅ ድርጅቶች ማለት ነበርና።

አማራጭ ሲመጣ የተመልካቹ ልብ አንድ እንዳልነበረ ታየ። ጆን ሪቨርስ በ1986 በፎክስ ጣቢያ የራሷን ዝግጅት ስትከፍት፣ የካርሰን ተወዳጅ ተተኪ የነበረችው ሴት ባላንጣ ተባለች፤ ካርሰን ከዚያ በኋላ አላናገራትም፤ እርሷም በ1987 ከፎክስ ተሰናበተች። በጥር 1989 ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊው አርሴኒዮ ሆል ብቅ አለ። የካርሰን መድረክ የእኔ አይደለም ይሉ የነበሩ ወጣቶችና ጥቁሮች ወደ እርሱ ጎረፉ። በሰኔ 1992 ዕጩው ቢል ክሊንተን ጥቁር መነጽር አድርገው ሳክስፎን የነፉት በእርሱ መድረክ ላይ ነበር። ፖለቲከኛው «እረኛ ምን አለ?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ ዋሽንቱን ከእረኛው ተቀብሎ መንፋት የጀመረበት ምሽት ይኸው ነው።

ካርሰን ወንበሩን ሲለቅ የተነሣው የአልጋ ወራሽነት ክርክር በእኛ ዜና መዋዕል ውስጥ ቢጻፍ ባዕድ አይሆንም። ዴቪድ ሌተርማን ከ1982 ጀምሮ ከካርሰን ቀጥሎ በሌሊቱ 6፡30 ሲያገለግል የኖረ፣ ተራውን የጠበቀ ሰው ነው። ጄይ ሌኖ ደግሞ ካርሰን ዕረፍት በሚወጣበት ጊዜ ወንበሩን የሚጠብቅ፣ በየከተማው ያሉትን የድርጅቱን አጋር ጣቢያዎች እየዞረ ወዳጅ ያደረገ ትጉህ ሠራተኛ ነው። ድርጅቱ ሌኖን መረጠ። ጋዜጠኛው ቢል ካርተር በ1994 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሌኖ በድርጅቱ ሕንፃ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደብቆ አለቆቹ ስለ እርሱና ስለ ሌተርማን ሲመክሩ እንዳዳመጠ ጽፏል። ሌተርማን ወደ ሲ.ቢ.ኤስ. ተሻግሮ በነሐሴ 1993 «ሌት ሾው»ን ከፈተ።

ከዚህ በኋላ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። የሌተርማን ወገኖች «ተራው የእርሱ ነበር፤ ሽሙጡ የራሱ ነው፤ እንግዳውን አይለማመጥም፤ ራሱን ቴሌቪዥንን እንኳ ያፌዝበታል» ይላሉ። የሌኖ ወገኖች «ቀኑን ሙሉ ሲደክም የዋለ ሰው ከመተኛቱ በፊት የሚፈልገው ቀላል ሳቅ ነው፤ ሌተርማን ግን ክፉ ነው፤ ቀልዱም ለጥቂቶች ነው» ብለው ይመልሳሉ። ልብ ብሎ ላዳመጠው ክርክሩ ስለ ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ፍትሕም ነበር። አንዱ ወገን ቅድሚያ ለባለተራ ይላል፤ ሌላው ሥራውን ለሠራ። አንዱ ሐቀኝነትን ከሽሙጥ ውስጥ ያገኛል፤ ሌላው ከደግነት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሌተርማን መራ። በሐምሌ 1995 ግን ከአንዲት የጎዳና ሴተኛ አዳሪ ጋር ተይዞ የነበረው እንግሊዛዊው ተዋናይ ሂው ግራንት በሌኖ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ሚዛኑ ወደ ሌኖ አጋደለ። በአብዛኛው እንዳጋደለም ቆየ። ሆኖም በቁጥር የተሸነፈው ሰው በክብር አልተሸነፈም። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ፣ ከኒው ዮርክ ሆኖ በመስከረም 17 ወደ ጠረጴዛው የተመለሰው ሌተርማን ያለ ቀልድ በሐዘን የተናገረው ንግግር የሌኖን ተመልካቾች ጭምር የነካ ነበር። ካርሰንም ቢሆን ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1994 በሌተርማን መድረክ ታየ፤ በሌኖ መድረክ ግን አንድም ቀን አልታየም። በ2005 ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ለሌተርማን ቀልድ ይልክ እንደነበር ታወቀ። ስለዚህ ሦስት ዳኞች ነበሩ ማለት ነው፤ ቁጥር፣ ሕሊናና አሮጌው ንጉሥ። ፍርዳቸውም አንድ አልነበረም።

ሁለተኛው የአልጋ ክርክር ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። በ2004 ኤን.ቢ.ሲ. ወንበሩ በ2009 ለኮናን ኦብራየን እንደሚተላለፍ አስታወቀ፤ ሌኖም በአደባባይ ተስማማ። ሰኔ 1 ቀን 2009 ኮናን ወንበሩን ያዘ። ድርጅቱ ግን ሌኖን ለሌላ ጣቢያ ላለማጣት ሲል በመስከረም ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አዲስ ዝግጅት ሰጠው። ይህ ዝግጅት ብዙ ተመልካች ስላላገኘ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚቀርበው የየከተማው ዜና ተጎዳ፤ አጋር ጣቢያዎቹ አመፁ። ኮናንም በሌተርማን ይበለጥ ነበር። በጥር 2010 ድርጅቱ ሌኖን ወደ 5፡35 መልሶ «ቱናይት ሾው»ን ወደ 6፡05 ለመግፋት አሰበ። ኮናን ስሙ የዛሬ ምሽት የሆነ ዝግጅት በማግሥቱ ሊጀምር አይገባም በሚል መንፈስ፣ በዝግጅቱ ውድመት ተካፋይ እንደማይሆን በግልጽ ደብዳቤ አስታወቀ። 45 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለእርሱና ለባልደረቦቹ ተከፍሎ በጥር 22 ተሰናበተ።

በዚያ ወር የኮናን ደጋፊዎች በትዊተርና በፌስቡክ ተጥለቀለቁ፤ ብርቱካንማ ጸጉሩ የተሳለበትን ፖስተር ይዘው በሎስ አንጀለስ ዝናብ ውስጥ ሰልፍ ወጡ። ቃል ታጠፈ፣ ወጣቱ ተገፋ፣ አሮጌው አልለቅም አለ እያሉ ጮኹ። ሌኖን ደግፎ አደባባይ የወጣ ሰልፍ አልታየም። ነገር ግን ሌኖ በመጋቢት 1 ቀን 2010 ሲመለስ ወዲያው ቀዳሚነቱን መልሶ ያዘ፤ በየካቲት 2014 እስኪሰናበትም በአብዛኛው አለቀቀውም። ከዚህ የምንማረው መራራ ትምህርት አለ። የሚጮኸው ተመልካችና የሚቆጠረው ተመልካች አንድ ሰው አይደሉም። ሰልፈኛው ወጣት ኮናንን ከልቡ ይወድዳል፤ በ5፡35 ቴሌቪዥኑን ከፍቶ መቀመጡ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የተመልካቾች ቁጥር የሚሠራው በናሙና ከተመረጡ ቤቶች ነበር፤ በናሙናው ውስጥ ያልነበረ ቤት ደግሞ የቱንም ያህል ቢያፈቅር አይቆጠርም ነበር። ምርጫን የተከታተለ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ አደባባይን የሞላ ሁሉ የድምፅ ሳጥን አይሞላም።

ከ2016 ወዲህ ክርክሩ ግልጽ የፖለቲካ መልክ ያዘ። በመስከረም 2016 የሌኖ ተተኪ ጂሚ ፋለን የዕጩውን የዶናልድ ትራምፕን ጸጉር እየሳቀ አመሰቃቀለ፤ ብዙ ተመልካች ለዘብተኝነቱን እንደ ነውር ቆጠረበት። በ2015 ሌተርማንን የተካው ስቲቨን ኮልቤር በበኩሉ በየምሽቱ ትራምፕን ይሞግት ጀመር፤ በ2017ም ፋለንን ቀደመ። በካርሰን ዘመን ተመልካቹ የማይወስነውን አቅራቢ ይወድ ነበር፤ አሁን ግን ወገኑን የለየውን መረጠ። ይህን የሚያወግዙ ሰዎች ግማሹ አገር ከሳቁ ውጭ ቀረ ይላሉ፤ ክሳቸውም መሠረት የለውም አልልም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ፣ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ በተመልካቹና በድርጅቶቹ መካከል የነበረ ጉዳይ ነው። በ2025 ግን ሦስተኛ ወገን በግልጽ ገባ። የሲ.ቢ.ኤስ. ባለቤት ፓራማውንት ትራምፕ የመሠረቱበትን ክስ በሐምሌ መጀመሪያ በ16 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰ። በዚያው ጊዜ ኩባንያው ለውህደቱ የመንግሥት ፈቃድ ይጠባበቅ ነበር። ኮልቤር ክፍያውን በዝግጅቱ ላይ ጉቦ ሲል ጠራው። ከቀናት በኋላ፣ በሐምሌ 17፣ «ሌት ሾው» በግንቦት 2026 እንደሚዘጋ ተነገረ። ኩባንያው ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ ነው አለ፤ ዝግጅቱ በዓመት 40 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚከስርም ተዘገበ። የሌሊት ቴሌቪዥን ገበያ መድከሙ እውነት ነው። ነገር ግን በሰዓቱ ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ ቀዳሚ የነበረው ኮልቤር ነበር። ለሌኖ ጋሻ የሆነው ቁጥር ለኮልቤር ጋሻ አልሆነም። የውህደቱ ፈቃድም በዚያው ወር በ24 ተሰጠ።

በመስከረም ደግሞ ጂሚ ኪመል ስለ ቻርሊ ከርክ ግድያ በተናገረው ነገር ምክንያት፣ የመገናኛ ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ብሬንደን ካር የጣቢያ ፈቃድን የሚያነሣ ማስፈራሪያ ሰነዘሩ። ሁለት ታላላቅ የጣቢያ ባለቤቶች ዝግጅቱን እንደማያሰራጩ አስታወቁ፤ ኤ.ቢ.ሲ.ም በመስከረም 17 አገደው። ብዙ ተመልካቾች የዲዝኒን ደንበኝነታቸውን መሰረዛቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ ሌሎችም እንዲሰርዙ ጠሩ። ኪመል በሳምንቱ ሳይሞላ፣ በመስከረም 23 ተመለሰ። ከአገሪቱ ቤቶች ሩብ ወደሚጠጉት ባይደርስም፣ ያን ምሽት ከ6.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው። የ2010 ሰልፈኛ በጩኸት ያላገኘውን፣ የ2025 ደንበኛ ኪሱን ሲዘጋ አገኘው የሚል ግምት አለኝ።

በኪመል ንግግር ከልባቸው የተቀየሙ ተመልካቾችም ነበሩ። መብታቸው ነው። ቴሌቪዥኑን ይዝጉ፣ ማስታወቂያ ለሚያስነግረው ድርጅት ይጻፉ፣ ወደ ሌላው ቀልደኛ ይሂዱ። ሌኖን ያነገሠውም ሌተርማንን ያስከበረውም ይኸው ነጻ የሆነ መውደድና መጥላት ነው። ተመልካች ጣቢያ ሲቀይር ቀልደኛውን ይፈርድበታል፤ ባለሥልጣን ስለ ፈቃድ ሲያወራ ግን ተመልካቹንም ቀልደኛውንም አንድ ላይ ዝም ያሰኛል። ሁለቱን ፍርዶች አንድ አድርጎ «ሕዝቡ ጠልቶት ነው» ማለት ሕዝቡ ያልተናገረውን በአፉ ማጉረስ ነው።

ስለዚህ ማን ይሻላል ተብለን ስንጠየቅ ሌተርማንም እንበል ሌኖ፣ ኮልቤርም እንበል ፋለን፣ ክርክሩ ይቀጥል፤ ጤና ነው። እኔ በበኩሌ የሌተርማን ወገን ነኝ። የሌኖ ወገን የሆነው ጎረቤቴ ግን በየምሽቱ ጣቢያውን ራሱ መርጦ እንዲከፍት እሻለሁ። የጥንቱ ሹም ብልህ ከነበረ ብልህነቱ እረኛው ምን እንዳለ መጠየቁ ላይ ነው። እረኛውን ከመስኩ ያባረረ ሹም፣ በማግሥቱ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ብቻ ይሆናል።