ቢል ትሬይለር፦ በ85 ዓመቱ እርሳስ ያነሳው ሰው

ቢል ትሬይለር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 ገደማ በአላባማ የጥጥ እርሻ ላይ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ነጻነት ከታወጀ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት እዚያው አካባቢ ሲያርስ ኖረ። ፊደል አልቆጠረም።

መሳል የጀመረው በ1939 ገደማ፣ ዕድሜው ወደ 85 ሲጠጋ ነው። ሞንትጎመሪ ከተማ፣ ሞንሮ ጎዳና ዳር ተቀምጦ፣ በተጣለ ካርቶን ላይ በቅሎ፣ የሚናከስ ውሻ፣ ጠርሙስ የጨበጠ ሰካራም፣ ዱላ ይዞ የሚያባርር ሰው ይስላል። ብዙዎች እንደ ተረትና ጨዋታ አዩት። ይህ የዋህነት ነው። ልጁን ዊልን በ1929 የበርሚንግሃም ፖሊሶች ገድለውታል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ጥቁር ሰው ያየውን በግልጽ ቢናገር ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። በውሻ መናገር ይሻላል።

ቻርልስ ሻነን የተባለ ወጣት ነጭ ሰዓሊ ቀለም እያቀበለ ስዕሎቹን ሰበሰበ። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለአንዱ አንድና ሁለት ዶላር ቢያቀርብ ሻነን አልሸጥም አለ። ትሬይለር በ1949 አረፈ። ስሙ የገነነው በ1982 ከዋሽንግተኑ ኤግዚቢሽን በኋላ ነው፤ ዋጋው ሲንር ወራሾቹ ሻነንን ከሰሱ፣ በስምምነት 12 ስዕሎች ደረሷቸው። በ2020 አንድ ስዕሉ ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል።

መቃብሩ ላይ ስሙ ያለበት ድንጋይ የቆመው በ2018 ነው።