ጅራታም ኮከብ፣ ተወርዋሪ ኮከብ፣ አስትሮይድ፤ የስያሜዎቹ ታሪክና የወደፊት አጠቃቀማቸው

የሰማይን ነገር በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣ ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ሕዝቡ በዓይኑ እያየ ያወጣቸው ስሞች ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ሳይንስ ደግሞ ለእነዚያው ነገሮች ሌላ ፍቺ ሰጥቷል። ጅራታም ኮከብ ኮከብ አይደለም፤ ተወርዋሪ ኮከብም ኮከብ አይደለም። ታዲያ እነዚህን ስሞች «ስሕተት ናቸው» ብለን በባዕድ ቃል መተካት ይገባናልን? በዚህ ጽሑፍ የፀሐይ ሥርዓት ጥቃቅን አካላት ስያሜ በአገራችንና በሌላው ዓለም የተጓዘበትን መንገድ ተከትለን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ጥያቄው የመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ከጉለሌ ሽቅብ በሚታየው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ የአንድ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የሰማይ መመልከቻው የተመረቀው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለመቋቋሙ መነሻ የሆነው በ1996 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። የጉለሌ ልጅ ከአያቱ አፍ «ጅራታም ኮከብ» ሲባል የሰማውና በከፍተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያነበበው ነገር አንድ መሆናቸውን ካላወቀ፣ መመልከቻው ከራስጌው ቆሞ ሳለ ዕውቀቱ ከሩቅ አገር ብቻ የመጣ ይመስለዋል።

1. ጅራት፣ ጠጉርና መጥረጊያ

«ጅራታም» የሚለው ቅጽል «ጅራት» በሚለው ስም ላይ «-ኣም» የሚለውን ባዕድ መድረሻ በመጨመር የተገኘ ነው። አሠራሩ እንደ ሀብታም፣ እንደ ቀንዳም፣ እንደ ጢማም ነው፤ ይኸውም የአንድ ነገር ባለቤት መሆንን፣ አብዝቶ መያዝንም ያመለክታል። ግሪኮች ይህንኑ ነገር «ኮሜቴስ» አሉት፤ ትርጓሜውም «ጠጉረ ረጅም» ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች የሚሠራበት «ኮሜት» የመጣው ከዚሁ ነው። ዐረቦች «ዙ ዘነብ»፣ ማለትም «ባለ ጅራት» ይሉታል፤ ዘነብ በግእዝም ጅራት ነው። ቻይናዎች ደግሞ «የመጥረጊያ ኮከብ» ብለውታል።

እንግዲህ ሕዝቦች ሁሉ ስም ያወጡት ከመልኩ ተነሥተው ነው። ግሪኩ ጠጉር፣ ሴማዊው ጅራት፣ ቻይናዊው መጥረጊያ አየ። በአማርኛ «ጭራ» የሚለው ቃል የጅራትን ጠጉር፣ ከእርሱም የሚሠራውን የዝንብ መከላከያ ስለሚያመለክት የግሪኩንና የሴማዊውን አስተያየት በአንድነት ይዟል። የኮሜቱን ራስ የሚከበው ጭጋግ በሳይንስ ቋንቋ «ኮማ» የሚባለውም ጠጉር ማለት ስለሆነ፣ በአማርኛ «ጎፈሬ» ብንለው መልኩንም ምሥጢሩንም የሚገልጽ ይሆናል።

2. በጎንደር የታየው

በአባቶቻችን መጻሕፍት ዘንድ የኮከብ ዋና ጠባይ ጊዜውን መጠበቁ ነው። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ በሰፊው ይዘረዝራል፤ በተወሰነላቸው ጊዜ ባለመውጣታቸው ስለ ታሰሩ ሰባት ከዋክብትም ይናገራል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡት ፀሐይና ጨረቃ ቀጠሯቸውን የማያፈርሱ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ ሳይጠበቅ መጥቶ፣ ሳምንታት ቆይቶ፣ ወዴት እንደ ሄደ ሳይታወቅ የሚጠፋ ብርሃን ቢያስደነግጥ አያስገርምም። ደግሞም «ኮከብ» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ የዕድል ፍቺ አለው፤ «ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል፤ ዕድልን አስልቶ የሚናገረውም ሰው ኮከብ ቆጣሪ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (1674–1698 ዓ.ም.) ዘመነ መንግሥት የታየው ጅራታም ኮከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል አገኘሁት ብሎ እንደ ተረከው፣ ኮከቡ በጎንደር የታየው ሠራዊቱ ለዘመቻ በሚነሣበት በቅዱስ ሚካኤል በዓል ሰሞን ነበረ። የአካሉ ድምቀትና የጅራቱ ርዝመት ሕዝቡን አስደነገጠ፤ ትንቢት ተናጋሪዎችም ዘመቻው ብዙ ደም የሚፈስበት እንደሚሆን ተናገሩ። ብሩስ ግን ታሪኩን ከአውሮፓ የኮሜት መዛግብት ጋር አስተያየው፤ እ.ኤ.አ. በ1689 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1682 ዓ.ም.፣ በሕንድ አገር በፖንዲቼሪ ከታየው ኮሜት ጋር አንድ ነው አለ። በዚህም የዜና መዋዕሉን የዘመን አቆጣጠር ለመመርመር ተጠቀመበት።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ታላቅ ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ያ ብርሃን ከምን እንደ ተሠራ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ያየውን ግን መዘገበ። የጅራቱ ነገር ባይነገር ኖሮ ነገሩን ከደማቅ ፕላኔት ወይም ከተወርዋሪ ኮከብ መለየት ባልተቻለም ነበር። ትንቢቱ ተረሳ፤ ከመልኩ የተነሣው አገላለጽ ግን ከመቶ ዓመት በኋላ የታሪክ ማስረጃ ሆነ። «ጅራታም ኮከብ» የሚለውን ስም ከቋንቋችን ብናስወጣ፣ ወደፊት የሚመጣው አንባቢ በአሮጌው ጽሑፍና በአዲሱ ሳይንስ መካከል ያለውን ድልድይ ያጣል።

3. ቀጠሮ የተገኘለት ኮከብ

በአውሮፓም ቢሆን ነገሩ ፈጥኖ አልጠራም። አሪስቶትል ኮሜት ከምድር ተነሥቶ በአየር ውስጥ የሚነድ ትነት ነው ብሎ ስላስተማረ፣ ሐሳቡ ብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1577 የታየውን ኮሜት የለካው ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ ከጨረቃ እጅግ የራቀ መሆኑን አሳየ። ከዚያም እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ኮሜቶች አንድና ያው እንደ ሆኑ በስሌት ደርሶበት፣ በ1758 እንደሚመለስ አስቀድሞ ጻፈ። እርሱ ከሞተ በኋላ ኮሜቱ እንደ ተባለው በ1758 በፈረንጆች ገና ዕለት ታየ። እንዲህ ሆኖ ቀጠሮ የለውም ይባል ለነበረው ኮከብ ቀጠሮ ተገኘለት።

ይኸው የሃሌይ ኮሜት በ1902 ዓ.ም. እና በ1978 ዓ.ም. ወደ ፀሐይ ተመልሷል። በ1902 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ላይ ነበሩ፤ እቴጌ ጣይቱም ከሥልጣን የተገለሉት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። ምልክት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ አይገኝም። ነገር ግን ኮሜቱ በየ76 ዓመቱ ያህል መመላለሱ ንጉሠ ነገሥቱ ከመወለዳቸው በፊት የታወቀ ነበር። በመጋቢት 1978 ዓ.ም. ጆቶ የተባለው የአውሮፓ መንኰራኵር በአጠገቡ አልፎ እምብርቱን ፎቶግራፍ አነሣ፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መልኩም እንደ ከሰል የጠቆረ ሆኖ ተገኘ። የሚቀጥለው ምጽአቱ በ2053 ዓ.ም. ነው።

አሜሪካዊው ፍሬድ ዊፕል እ.ኤ.አ. በ1950 እንዳስረዳው ኮሜት በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት አካል ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ወደ ጋዝ ተለውጦ አቧራውን ይዞ ይወጣል፤ ይህን የብርሃን ግፊትና የፀሐይ ነፋስ ይገፋዋል። ስለዚህ ጅራቱ ዘወትር የሚዘረጋው ከፀሐይ በተቃራኒው ወገን ነው፤ ኮሜቱ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱ ከፊት ይሄዳል። ጅራቱን አስቀድሞ የሚጓዝ እንስሳ ስለሌለ፣ የስያሜው ምሳሌነት እዚህ ላይ ያበቃል። «በረዶ» በሚለውም ቃል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ በረዶ ከሰማይ የሚወርደውንም በማቀዝቀዣ የሚረጋውንም ውሃ ያጠቃልላል፤ የኮሜት በረዶ ግን ከውሃ ሌላ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ካርቦን ሞኖክሳይድን ስለሚይዝ ፍቺው ይህን መግለጽ አለበት።

4. የሚወረወረውና የሚወድቀው

«ተወርዋሪ ኮከብ» የምንለው ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር በታላቅ ፍጥነት ወደ አየር ገብቶ ሲነድ የሚታየው ብርሃን ነው። ሳይንስ እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ይለያል፤ ገና በጠፈር ያለውን ጠጠር፣ በአየር ውስጥ የሚታየውን ብርሃን፣ ሳያልቅ ምድር የደረሰውን ድንጋይ። «ተወርዋሪ ኮከብ» ለሁለተኛው ብቻ በትክክል ይስማማል። ሦስቱን በአንድ ስም መጥራት ግን ጉዳት አለው። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያ በቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ የፈነዳው አካል 20 ሜትር ያህል ስፋት ነበረው፤ የመስኮት መስተዋት እየረገፈ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቆስለዋል። እንዲህ ያለውን ዜና «ኮከብ ወደቀ» ብሎ ማሰማት ሕዝቡን ያስደነግጠዋል እንጂ አያስረዳውም።

ጣልያናዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ እ.ኤ.አ. በ1866 ገደማ እንዳሳየው፣ በየዓመቱ በተወሰነ ሰሞን የሚበዙት ተወርዋሪ ከዋክብት ኮሜቶች በመንገዳቸው የጣሉት አቧራ ናቸው። የሃሌይ ኮሜት አቧራ በዓመት ሁለት ጊዜ ያገኘናል፤ ይኸውም በሚያዝያ 27 ቀን አካባቢ ከንጋት በፊትና በጥቅምት 11 ቀን አካባቢ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። የጥቅምቱ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራበት ጊዜ ስለሚውል፣ የከተማው መብራት በማይደርስበት የእንጦጦ ወዲያኛ ገጽ የቆመ ሰው ያለ ምንም መሣሪያ ሊያየው ይችላል። እንግዲህ ጅራታሙና ተወርዋሪው ዘመዳሞች ናቸው፤ የ2053ን መምጣት ሊጠብቅ የማይችል ሰው የዚያኑ ኮሜት ፍርፋሪ በየጥቅምቱ ያያል። ይህን የከዋክብት ብዛት ሌሎች ቋንቋዎች በዝናብ ይመስሉታል፤ አንድ በአንድ እየቆየ የሚወርድ ስለሆነ ግን በአማርኛ «ካፊያ» የሚለው ይበልጥ ይስማማዋል።

ድንጋይ ከሰማይ ይወርዳል የሚለውን ነገር የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የባላገር ወሬ ነው እያሉ ሲያናንቁት ኖረዋል። ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1794 እውነት ነው ብሎ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1803 በፈረንሳይ በሌግል ከተማ አጠገብ ብዙ ድንጋይ ወርዶ ከተመረመረ በኋላ ግን ክርክሩ አበቃ። ባላገሩ ያየውን ተናግሯል፤ የዘገየው ሊቁ ነው።

5. ዓይን ያላያቸው

አስትሮይዶችን በተመለከተ ነገሩ ሌላ ነው። ያለ መሣሪያ ስለማይታዩ ሕዝባዊ ስም አልወጣላቸውም። የመጀመሪያዋን፣ ሴሬስን፣ ጁዜፔ ፒያሲ በሲሲሊ በፓሌርሞ ያገኛት እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1801 ነው። በቴሌስኮፕ ሲታዩ እንደ ከዋክብት ነጥብ ሆነው ስለሚቀሩ ዊልያም ኸርሽል «አስትሮይድ»፣ ማለት «ኮከብ መሰል» አላቸው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በፕራግ የተሰበሰበው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጉባኤ ደግሞ 940 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላትን ሴሬስን ከድንክ ፕላኔቶች ወገን መድቧታል። ስለዚህ «ኮከብ መሰል» ብሎ በቀጥታ መተርጐም የኸርሽልን የመሣሪያ ድካም ወደ አማርኛ ማስገባት ነው። «ፈለክ» የሚለውንም ቃል አንዳንዶች ለፕላኔት ይጠቀሙበታል፤ በቀደሙት መጻሕፍት ግን የከዋክብት መዞሪያ ስለሆነ ለዕውቀቱ ስም፣ ለሥነ ፈለክ፣ መተዉ ይሻላል።

ስም ማውጣት ለእኛ የተዘጋ በር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 በጆሃንስበርግ የተገኘችው 1196ኛዋ አስትሮይድ በንግሥተ ሳባ ስም «ሼባ» ተብላ ተጠርታለች። ይህን ስም ያወጡት ሌሎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ግን በዓለም አቀፉ ኅብረት ውድድር ኢትዮጵያ ራሷ አንድ ሩቅ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብላ ሰይማለች።

6. የቀረበው ሐሳብ

አማርኛ አሮጌ ቃልን ለአዲስ ነገር የማዋል ልማድ አለው። ጠፈር የሰማይ ጣራ ማለት ነበረ፤ ዛሬ ጠፈርተኛ የሚጓዝበት ነው። መንኰራኵር በግእዝ የሠረገላ እግር ነው፤ ዛሬ ወደ ጨረቃ ይላካል። ምሕዋር «ሖረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ሆኖ በሚገባ ተለምዷል። በዚህ መሠረት ዓይን ያየውን በሕዝቡ ቃል፣ መሣሪያ ብቻ ያየውን በዓለም አቀፉ ቃል መሰየም ይገባል እንላለን። ዝርዝሩም የሚከተለው ነው።

ጅራታም ኮከብ፦ ለታሪክ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለጠቅላላ ንባብ፤ በሳይንስ ጽሑፍ ኮሜት፤ በመዝገበ ቃላት ሁለቱም እርስ በርስ ይጠቋቆሙ።
እምብርት፦ በረዶና አቧራ የያዘው የኮሜት ጠጣር አካል።
ጎፈሬ፦ እምብርቱን የሚከበው የጋዝና የአቧራ ጭጋግ።
ጅራት፦ ከፀሐይ በተቃራኒ የሚዘረጋው ጋዝና አቧራ።
የጠፈር ጠጠር፦ ወደ አየር ያልገባው ትንሽ አካል።
ተወርዋሪ ኮከብ፦ ጠጠሩ በአየር ውስጥ ሲነድ የሚታየው ብርሃን።
የሰማይ ድንጋይ፦ ሳያልቅ ምድር የደረሰው።
የተወርዋሪ ከዋክብት ካፊያ፦ በየዓመቱ በተወሰነ ሰሞን የሚታየው ብዛታቸው።
አስትሮይድ፦ ፀሐይን የሚዞር፣ ከፕላኔትና ከድንክ ፕላኔት የሚያንስ፣ አለታማ ወይም ብረታማ አካል።

እነዚህ ስያሜዎች ጸንተው የሚቆሙት መምህራን በክፍል፣ ጋዜጠኞች በዜና፣ በእንጦጦም ጐብኚን የሚያስተናግዱ ባለሙያዎች በገለጻቸው ሲጠቀሙባቸው ነው። በየአካባቢያችሁ ለእነዚሁ ነገሮች የሚነገር ሌላ ስም የምታውቁ አንባቢያን፣ ስሙን ከሚነገርበት ስፍራና ከአነጋገሩ ጋር እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።