ከዉደን በኋላ የመጣው ሰውዬ

52 ጨዋታ አሸንፎ 9 ብቻ የተሸነፈ አሰልጣኝ በሁለት ዓመቱ ሥራውን ትቶ ሄደ። ያውም ማንም ሳያባርረው። የጂን ባርቶውን ታሪክ እንድከታተል ያደረገችኝ ይህች ቁጥር ናት።

ከእሱ በፊት የነበረው ጆን ዉደን ነው። ዉደን የሎስ አንጀለሱን ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ይዞ በ12 ዓመት ውስጥ 10 የአገር አቀፍ ዋንጫ ወሰደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከ1967 እስከ 1973 ድረስማ ዋንጫው ከእጁ አልወጣም። በመሃል 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። ማርች 1975 ላይ ግማሽ ፍጻሜውን እንዳለፈ ጡረታ እንደሚወጣ ተናገረ፤ ከዚያ ኬንታኪን 92 ለ 85 ረትቶ ዐሥረኛውን ዋንጫ ይዞ ተሰናበተ።

ዉደን ደጋግሞ የሚያወራት አንዲት ነገር ነበረች። ከዚያ የመጨረሻ ጨዋታ በኋላ አንድ ደጋፊ መጥቶ እንኳን ደስ አለህ ይለዋል፤ ቀጥሎም ይሄ ያለፈውን ዓመት ጉድ ይክሳል ይለዋል። የትኛው ጉድ? በ1974 ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሁለት ጊዜ ጭማሪ ሰዓት ተጫውተው በሦስት ነጥብ የተሸነፉት! እንግዲህ ለዉደን ያልራራ ደጋፊ ለእንግዳ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ባርቶው ደግሞ ይህን ቡድን በወሬ አልነበረም የሚያውቀው። በ1973 ሜምፊስ ስቴትን እያሰለጠነ ለፍጻሜ ሲደርስ የገጠመው የዉደንን ዩሲኤልኤ ነው። ያን ማታ ቢል ዋልተን 22 ጊዜ ወርውሮ 21 አስገባ፤ ብቻውን 44 ነጥብ። ይህን ከሜዳ ዳር ሆኖ ያየ ሰው ነው ከሁለት ዓመት በኋላ ወንበሩን እሺ ብሎ የተረከበው። እኔ በበኩሌ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

የተረከበው ቡድን ባዶ አልነበረም። ዴቭ ማየርስ ቢሄድም ሪቻርድ ዋሽንግተንና ማርከስ ጆንሰን አሉ። ግን የ1975 የመጀመሪያ ጨዋታቸው ሴንት ሉዊስ ላይ ከቦቢ ናይት ኢንዲያና ጋር ሆነ። 84 ለ 64። በቃ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን በ20 ነጥብ ልዩነት!

ያ ኢንዲያና በዚያ ዓመት 32 ጨዋታ ተጫውቶ 32ቱንም ያሸነፈ፣ ከዚያ በኋላ ለዐሥርት ዓመታት በወንዶቹ ውድድር ማንም ሳይሸነፍ ዋንጫ በመውሰድ ያልደገመው ቡድን ነው። ይህ ግን የሚታወቀው ዓመቱ ሲያልቅ ነው። በዚያ ሰሞን የታየው ዉደን እንደሄደ ዩሲኤልኤ መደብደቡ ብቻ ነበር።

የባሰው በፌብሩዋሪ መጣ። ዩሲኤልኤ በገዛ ሜዳው፣ ፖሊ ፓቪሊዮን፣ 98 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። ኦሪገን መጥቶ 65 ለ 45 አሸነፈው። ሽንፈትስ ይሁን፣ በገዛ ቤት 45 ነጥብ ብቻ ማስቆጠር ለዚያ ደጋፊ የሚዋጥ አልነበረም።

ቡድኑ እንዲህም ሆኖ የምድቡ አሸናፊ ሆነ፣ ፊላዴልፊያ ላይ ከመጨረሻዎቹ አራት ገባ። እዚያ ማን ጠበቀው? ኢንዲያና። 65 ለ 51 ተሸነፈ። ለሦስተኛ ደረጃ ከሩትገርስ ጋር ተጫውቶ 106 ለ 92 አሸነፈ፤ ሩትገርስ እስከ ግማሽ ፍጻሜው ድረስ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈ ቡድን ነበር። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ከተማ ወጥቶ ይጨፍር ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ግን ሦስተኛ መውጣት እንደ መውደቅ ተቆጠረ፤ በሬዲዮም በጋዜጣም ትችቱ አላባራ አለ። ባርቶው ደግሞ ትችት የማይሰማው ዓይነት ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ዓመት በአይዳሆ ስቴት 76 ለ 75፣ በአንዲት ነጥብ ተዘጋ። በዚያው በ1977 ባርቶው ወደ አላባማ፣ በርሚንግሃም ሄደ። የሄደበት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረውም፤ ከዜሮ እንዲያቋቁም ነው የጠሩት። ከእሱ ጋር የሚወዳደር የቀድሞ አሰልጣኝ የለም፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዋንጫም የለም።

ዩሲኤልኤ ቀጣዩን ዋንጫ ያገኘው በ1995 ነው፣ ከዉደን በኋላ በስድስተኛው አሰልጣኝ በጂም ሃሪክ። የበርሚንግሃሙ ቡድን ግን በ1982፣ በተመሠረተ በአራተኛ ዓመቱ፣ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ገባ። በመንገዱ ላይ ካሰናበታቸው አንዱ ያለፈውን ዓመት ዋንጫ የያዘው የቦቢ ናይት ኢንዲያና ነበር።