ከአንኮበር ደጋ እስከ ቤተ ሙከራ፦ ዕፀዋትና የልብ ሕክምና

የሰው ልጅ መድኃኒቱን ከዕፀዋት መሻት የጀመረው ጽሑፍ ከመፈልሰፉ አስቀድሞ ነው። በአገራችንም ሥር ምሶ፣ ቅጠል በጥሶ፣ ፍሬ ወቅጦ ሕመምተኛን መርዳት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ጥበብ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ጥበብ ለልብ ሕክምና ምን ሊያበረክት እንደሚችል ለመመርመር የሰሜን ሸዋ፣ በተለይም የአንኮበር ታሪክ መልካም መነሻ ይሆናል። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።)

አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813-1847) የሸዋ መናገሻ ነበረች። በ1839 ሚስዮናዊው ክራፕፍ፣ በ1841 ደግሞ በሻምበል ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደዚያ ዘልቀዋል። ጥሬ ሥጋ በሚዘወተርበት ደጋ ሕዝቡ የሆድ ትሉን የሚያስወግደው ኮሶና እንቆቆ እየጠጣ ነበር። ኮሶ በዚያው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች ውስጥ ገባ። ይሁን እንጂ የተሻገረው የደረቀ አበባ እንጂ ተነጥሎ የተለካ ንጥረ ነገር አልነበረም። ከመጠን ያለፈ ኮሶ የዓይን ብርሃንን እስከማሳጣት እንደሚደርስም በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች በኋላ ዘመን መዝግበዋል።

የመጠን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በልብ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊዘሪንግ በ1785 ስለ ዲጂታሊስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰውነት እብጠት ያለበትን ሕመምተኛ የሚረዳው ይኸው ቅጠል ከልክ ካለፈ እንደሚመርዝ አስረድቷል። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ሶማሌዎች ዋባዮ ከሚሉት ዛፍ የቀስት መርዝ ይቀምሙ ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ በ1888 ንጥረ ነገሩን ለይቶ አወጣ፤ ከሶማልኛው ስም ተወስዶም ‹‹ዋባይን›› ተባለ። በአማርኛ ምረንዝ የሚባለው ዛፍም ይህንኑ ንጥረ ነገር ይዟል። መርዝነቱና መድኃኒትነቱ የሚመነጩት ከአንድ ሥራ ነው። የዴንማርኩ ተወላጅ ስኩ በ1957 ሶዲየምንና ፖታሲየምን በሕዋስ ግድግዳ በኩል የሚያመላልስ ፓምፕ መኖሩን አሳየ፤ በዚህም ሥራው በ1997 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ዋባይንና የዲጂታሊስ ንጥረ ነገሮች ይህን ፓምፕ ይገታሉ። በዚህም ምክንያት በልብ ሕዋስ ውስጥ ካልሲየም ይበዛና የልብ ምት ይበረታል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ምቱ ይዛባል፣ ልብም ይቆማል።

የልብን ምት ማበርታትና ልብን ከጉዳት መጠበቅ ግን የተለያዩ ናቸው። የኋለኛው ምርምር ሳይታሰብ ወደ እንቆቆ ይመልሳል። በእንቆቆ ፍሬ ውስጥ ኤምቤሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ይኸው ንጥረ ነገር በሕንድ አገር በሚገኝ የእንቆቆ ዘመድም ይገኛል። በ2014 የታተመ ጥናት ኤምቤሊን የተሰጣቸው አይጦች፣ ኢሶፕሮቴረኖል በተባለ ኬሚካል ልባቸው እንዲጎዳ ሲደረግ፣ ጉዳቱ እንደቀነሰላቸው አስረድቷል። ይህ በአይጥ ላይ የታየ ውጤት ነው፤ ለሰው ይሠራል ለማለት አያስችልም። የልብ ሕመምተኛ እንቆቆ ይጠጣ ማለትም ከቶ አይደለም።

በአንኮበር ወረዳ የተካሄደና በ2013 የታተመ ጥናት ለሰው ሕመም የሚያገለግሉ 135 የዕፀዋት ዓይነቶችን መዝግቧል። መዝገቡ ታላቅ ሥራ ቢሆንም ስም መመዝገብ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነው። ባህላዊው ዐዋቂ ዕውቀቱን በምስጢር ይዞ ለአንድ ልጁ ብቻ ሲያወርስ ኖሯል፤ ልጁ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ ካዞረ ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ኮሶም ለሣንቃ ሲባል ሲቆረጥ የኖረ ዛፍ ነው። ዐዋቂውና ዛፉ አብረው ከጠፉ ቤተ ሙከራው የሚመረምረው ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ ዐዋቂው ዕፁንና አቀማመሙን ሲያሳይ ባለመብትነቱ ሊታወቅለት፣ ኬሚስቱ ንጥረ ነገሩን ሊለይ፣ መሐንዲሱ የማጣሪያውንና የመለኪያውን ስልት ሊያበጅ፣ ሐኪሙም ጥቅሙን ከጉዳቱ ሊመዝን ይገባል። አበው ዕፁን አውቀውልናል፤ ልኩን ማወቅ የዛሬው ባለሙያ ድርሻ ነው።