ከኢንተርኔት በፊት የነበረው ኢሜይል

ቴሌ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ከማስገባቱ በፊትም ከአዲስ አበባ ኢሜይል ይላክ ነበር። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው የመረጃ ማዕከል ፓዲስ፣ ብዙ ሰው በየተርሚናሉ የሚጋራው ኤችፒ 3000 ኮምፒውተር ነበረው። ሚኒሲስ የተባለው የመረጃ ቋት የሚሠራው በእሱ ላይ ነው። ለመልእክት ግን የተመረጠው ፊዶኔት ሆነ፤ ተራ ፒሲና ሞደም። ምርጫው የስልኩን መስመር ያየ ነበር። ቀጥታ ግንኙነት ሁልጊዜ ክፍት መስመር ይፈልጋል፤ የውጭ ጥሪ ደግሞ ውድ ነው። ፊዶኔት ደብዳቤውን አጠራቅሞ ለንደን ካለው ግሪንኔት ጋር በአንድ ጥሪ ይለዋወጣል። መስመሩ ቢቋረጥ በሚቀጥለው ጥሪ እንደገና ይሞክራል። ጉድለቱም ግልጽ ነበር፦ መልሱ ቢፈጥን ከሰዓታት በኋላ ይመጣል፣ ድረ ገጽ መክፈት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ለአንድ ተመራማሪ ግን ከፖስታ ቤት ሳምንታት ይልቅ ይሻለው ነበር።